«አጥንት መቁጠር»፦ ለምን አጥንት?

ጥያቄ፦ ባለፈው እሁድ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሽምግልና ተቀምጠን ነበር። የልጅቷ አያት «ቆዩ እስቲ፣ መጀመሪያ አጥንት እንቁጠር» አሉ። አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳረፉ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ሰባት ቤት ሳይሞላ አምስተኛው ላይ ተገጣጠመ። አለቀ። ቡናችንን ጠጥተን ወጣን። ግን ለምን አጥንት ተባለ? ሥጋ ቢባልስ?

መልስ፦ አቦ ልጁ ያሳዝናል! ሥጋም ይባላል እኮ፤ «የሥጋ ዘመድ» እንል የለ? ለእኔ ግን ሥጋ ዛሬ ያለውን ዝምድና ነው የሚያሳየው። አጥንት ወደ ሙታን ይሄዳል። ሥጋው ፈርሶ የሚቀረው እሱ ነዋ! ድሮ ርስት የሚጠይቅም ትውልዱን ቆጥሮ ነበር ድርሻው የሚደርሰው። ዛሬ ደግሞ አንዱን «አጥንት ቆጣሪ ነው» ካልከው ሰውን በዘሩ የሚለይ ማለትህ ነው፤ ስድብ ሆኗል።

የሚገርመው፣ የዘረመል ተመራማሪዎች የምራቸውን አጥንት መቁጠራቸው ነው። ሳይቤሪያ፣ ዴኒሶቫ ዋሻ የተገኘች አንዲት የትንሽ ጣት አጥንት ስባሪ በ2010 እ.ኤ.አ. ዲኤንኤዋ ሲነበብ ማንም የማያውቀው የሰው ወገን ወጣ። ዴኒሶቫውያን አሏቸው። አያትየው የቆጠሩባት አንጓ ታህላለች እንግዲህ! በዚያው ዓመት የኒያንደርታል፣ ማለትም ድሮ የጠፋ የሌላ ሰው ወገን፣ ዘረመልም ተነበበ። ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ ከዘረመሉ 2 በመቶ ገደማ ከእነሱ የወረሰው ነው።

ለሽምግልና የሚሆነው ግን የ2018 እ.ኤ.አ. ግኝት ነው። ከዚያው ዋሻ የወጣች፣ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን የአጥንት ስባሪ ተመረመረች። ከ90,000 ዓመት በፊት የኖረች ልጅ ናት። እናቷ ኒያንደርታል፣ አባቷ ዴኒሶቫዊ! ሁለቱ ወገኖች የተለያዩት ደግሞ ከዚያ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ቀድሞ ነው። ስንት ቤት እንደሚሆን አስቡት።

ሌላ አባል፦ ከድሬ ሳንወጣ፣ ከከተማችን አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም አለ እኮ። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጃርት ማለት ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ሲቆፈር የመንጋጋ ስባሪ ተገኝቶ፣ በጊዜው ኒያንደርታልን ይመስላል ያሉ ነበሩ። ያኔ በቅርጹ ብቻ ነበር የሚፈረደው።

ጠያቂው፦ የሳይቤሪያዋን ልጅ ነገር ለአያትየው ነገርኳቸው። «እነሱማ ሰባት ቤት አልፈዋል፤ እናንተ አምስት ናችሁ» አሉኝ።