መደርደሪያው የማን ነው? «የሰሜን ሸዋ ደራሲ» ሲባል የተወለደው ወይስ የቀረው?

አዘጋጁ (ደብረ ብርሃን)፦
እንደምን ዋላችሁ ቤተሰብ። ቅዳሜ ላልነበራችሁ ነገሩን ላስረዳ። የንባብ ክበባችን የሚሰበሰብበት ካፌ ባለቤት አንድ መደርደሪያ ሰጠችን። አምስት ረድፍ አለው፤ የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ ቫርኒሹ ገና ያልደረቀ። አናቱ ላይ «የሰሜን ሸዋ ደራሲያን» ብለን ለጠፍንበት። መጽሐፍ መደርደር ስንጀምር ጭቅጭቅ ተነሣ።

መጀመሪያ የገቡት የምታውቋቸው ናቸው። ከመርሐ ቤቴ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ከተጉለት መኮንን እንዳልካቸው፣ ከመንዝ ከበደ ሚካኤል፣ ከደብረ ሲና ዳኛቸው ወርቁ። አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ «እነዚህ ሁሉ ተወልደው የሄዱ ናቸው፤ እዚህ ቁጭ ብሎ የሚጽፈውስ የት ይግባ?» አለ። ሌላው «መጀመሪያ ይጻፍና» አለው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም። ቡናው ግን ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

የኔ አቋም ይሄ ነው፤ መደርደሪያው እዚህ እየኖረ ለሚጽፍ ይሁን። ኅሩይንና ከበደ ሚካኤልን የትም ታገኟቸዋላችሁ። የእኛን ሰው ግን እኛ ካላስቀመጥነው ማንም አያስቀምጠውም። በሉ ግቡበት። ስድብ ክልክል ነው።

የደብረ ሲናው፦
ጋሼ፣ ዳኛቸውን ልታወርድብን ነው እንዴ? እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም። «አደፍርስ» የሚለው ልብ ወለዱ የታተመው በ1962 ነው። ታሪኩ የት ነው? እዚሁ እኛ ሥር፣ አርማንያ። ሰዎቹ የሚነጋገሩት በእኛው አፍ ነው። አባቴ ያን መጽሐፍ ሲያነብ ገጹን በጣቱ ይዞ «ይቺን ቃል እናቴ ነበረች የምትላት» እያለ ይቆም ነበር። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። መጽሐፉ ከባድ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልህ። በየመስመሩ የሞተች እናቱን እያገኘ ነው።

ሰውየው ወጥቷል፣ ልክ ነው። ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በእንግሊዝኛም ጽፎ በፈረንጆቹ 1973 ሎንደን ታትሞለታል። እግሩ ሄደ እንጂ ጆሮው እዚህ ነው የቀረው። ለመሆኑ ሰው የሚኖረው በእግሩ ነው በጆሮው?

ሾፌሩ፦
በመኪና ነው።

የፍቼው፦
ይቅርታ፣ «ሰሜን ሸዋ» ስትሉ እኛስ? ፍቼም ሰሜን ሸዋ ነው እኮ። ወይ የየትኛው ክልል እንደሆነ ጻፉበት፣ ወይ ጋብዙን።

አዘጋጁ፦
ተጋብዛችኋል። ባዶ እጅ መምጣት ግን አይቻልም።

ቡልጋዬ (አዲስ አበባ)፦
እኔ በግልጽ ልናገር። መደርደሪያ የዕድር መዝገብ አይደለም። እዚህ ኖሯል፣ መዋጮ ከፍሏል ተብሎ ስም አይሰፍርበትም። መጽሐፉ ጥሩ ከሆነ ይግባ፣ ካልሆነ ይቅር።

አራቱ ሰዎች ለምን እንደወጡም እንነጋገር። ማተሚያ ቤቱ የት ነበር? አዲስ አበባ። ጋዜጣውስ? ቤተ መጻሕፍቱስ? ሌላ ጸሐፊ አጠገብህ ተቀምጦ «ይሄ ምዕራፍ አልሠራም» የሚልህስ? እዚያው። ኅሩይ ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥቶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሷል። «ወዳጄ ልቤ» የሚለውን መጽሐፉን ያወጣው በ1915 ነው። መርሐ ቤቴ ቢቀር ኖሮ በብራና ጽፎ ለአንድ ደብር ያበረክተው ነበር፤ እኛም ስሙን አንሰማም። ደራሲ ለመሆን መውጣት ግድ ነው። ደስ አይልም፣ ግን እንዲህ ነው። እኔም የወጣሁት ለዚሁ ነው። (መጽሐፉ ገና ነው፤ አትጠይቁኝ።)

መምህሩ (መሐል ሜዳ)፦
ቡልጋዬ፣ አክብሬህ ነው የምመልስልህ።

እኔ 19 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ልብ ወለዴን የጻፍኩት ፈተና በማርምበት ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ባና ተከናንቤ ነው። የመንዝ ሌሊት ብዕር ያደርቃል። ቀለሙ አልወርድ ሲለኝ ጫፉን በትንፋሼ አሞቀው ነበር። ከመምህራን ቁጠባና ብድር ተበድሬ 1,000 ቅጂ አሳተምኩ። ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ካርቶኖቹን አውቶቡስ አናት ላይ አስጭኜ ስመለስ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ላይ ስመለከት ነበር።

ቤት ገብቼ አንዱን ገለጥኩ። ከገጽ 64 ቀጥሎ ያለው ገጽ 81 ነው። ሌላ ገለጥኩ፤ ደህና ነው። ሌላ፤ 64፣ 81። አሥራ ስድስት ገጽ፣ አንድ እጥፋት ወረቀት እንዳለ የለም። ከ200 በላይ ቅጂ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ስደውል «ይዘህ ና» አሉኝ። በየትኛው የመኪና ሂሳብ? የጎደለውን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ በመርፌና በክር ሰፋሁት። ብሩ ሲያልቅብኝ በእጄ የገለበጥኩትም አለ። እንግዲህ ያገሬ ሰው የእጅ ጽሑፌን ጭምር ነው የገዛው።

ቀጥሎ አከፋፋይ መጣ። ከሽፋን ዋጋው ሲሶ ይደርሰኛል ብሎ 300 ወሰደ። የኔ ሁለት እጅ እስካሁን አልመጣም። ለተማሪዎቼ ደግሞ አልሸጥኩም። መምህር ፈተናውን ለሚያርምለት ልጅ መጽሐፉን ሲሸጥ ወላጅ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። 340 ያህሉ አልጋዬ ሥር ነው።

መጽሐፌ መጥፎ ሊሆን ይችላል። ይሁን። ግን አንብበኸው ነው የምትፈርደው?

ቡልጋዬ፦
መምህር፣ ይቅርታ። አላነበብኩትም። የት ይገኛል?

መምህሩ፦
አልኩህ እኮ። አልጋዬ ሥር።

አኮፋዳ (ሸዋ ሮቢት)፦
ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ አሁን ሞባይል እጠግናለሁ። ስለ መውጣት ስታወሩ ሳቄ መጣ። የቆሎ ተማሪ ወጥቶ አይደል የሚማረው? ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ የማያውቀው አገር ውሻ እየነከሰው። የእናቱ ደጅ ቁጭ ብሎ ቅኔ የተቆጠረለት አላየሁም። ተምሮ ሲመለስስ? በየበዓሉ አዲስ ቅኔ ያቀርባል። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይሁን ስድስት ቤት ሥላሴ፣ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። የሌላ ሰው ቅኔ ይዘህ ብትቆምማ ያፍሩብሃል። ይሄ ሰው በዕድሜው የደረሰውን ብትሰበስቡት ስንት ጥራዝ ይወጣዋል። ማን ጻፈለት? ማንም። «ደራሲ» የሚለውም የለም፤ መሪጌታ ነው የሚባለው።

አራቱንም እዩዋቸው። ኅሩይ ከቤተ ክህነት፣ መኮንን ከቤተ መንግሥት፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር። ከበደ ሚካኤል ከሚሲዮን ትምህርት ቤትና ከፈረንሳይኛ፣ ዳኛቸው ከመምህርነት። «ደራሲ ልሁን» ብሎ ተመዝግቦ የገባ የለም። ቡልጋዬ ይሄን ሁሉ በር ዘግቶ የአዲስ አበባን አስፋልት ብቻ ተወልን። ገጣሚው ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ አይደል በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ያን የሚያህል ልብ ወለድ የተረጎመው?

ደግሞ ጋሼ አዘጋጅ፣ «እዚህ የኖረ» ካልክ ቀድመው የሚገቡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው ተቀምጠውባታል፤ መጽሐፈ ብርሃንም የሚታወቀው በእሳቸው ስም ነው። የተወለዱት ግን ፈጠጋር ነው። ቦታ አዘጋጅላቸው።

ቡልጋዬ፦
እስር ቤትን እንደ መንገድ አትቁጠርብኝ። ማዕከላዊም ቢሆን አዲስ አበባ ነው።

የደብረ ሲናው፦
ይቺን ተሸነፍክ አኮፋዳ።

ሌላ አባል (ደነባ)፦
ለምን መሥሪያ ቤት ጠይቀን የኅትመት ገንዘብ አይፈቀድልንም? የመምህሩ ዓይነት መከራ በአንድ ደብዳቤ ይፈታ ነበር።

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ደብዳቤው ይፈታዋል፣ ከዚያ መልሶ ያስረዋል። ብሩን የሰጠ አካል መቅድም ልጻፍ ይልሃል። ከመቅድሙ ቀጥሎ ምዕራፍ ሦስትን ያወጣዋል። ዕዳዬን እመርጣለሁ። እሱ ቢያንስ ያልቃል።

ነርሷ (እነዋሪ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ እዚህ ጽፌ አላውቅም። የተወለደው ይግባ፣ የቀረው ይግባ ስትሉ ዋላችሁ። አራቱም ወንዶች መሆናቸውን አንድ ሰው እንኳ አላነሣም። ሴቶቹ ከተወለዱትም ከቀሩትም ውስጥ የለንም ማለት ነው?

እኔ የምጽፈው በአዳር ተራዬ ነው። ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ዋርዱ ጸጥ ይላል። ጀርባው ባዶ የሆነ አሮጌ ቅጽ አለን፤ እሱ ላይ ነው የምጽፈው። ከፊት የበሽተኛ ሙቀት ሰንጠረዥ፣ ከኋላ የኔ አጭር ልብ ወለድ። ይሄን መደርደሪያችሁ ይቀበላል?

አያቴ ደግሞ አልቃሽ ነበረች። ማንበብ አትችልም። አንድ ሰው ሲሞት ከሦስት ቀበሌ ነበር የሚጠሯት። አጎቴ በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ግን ማንም ሳይሞት ነው ያወረደችው፦

ብርዱን ለእኔ ትቶ ባናውን ጠቅልሎ፣
በማላውቀው ፊደል ደኅና ሁኚ ብሎ።

ሌላ ስንኝ የለውም። አጎቴ የሚልክላትን ደብዳቤ የጎረቤት ልጅ ያነብላት ነበር። እሱ ሲያነብ እሷ ወረቀቱን በጣቷ ትዳስሳለች። «የቷ ናት እናቴ የምትለው?» ትለዋለች። ያሳያታል። እዚያ ላይ ጣቷን ታቆማለች። ደብዳቤው እዚያ ጋ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሶ ነበር።

ቡልጋዬ፣ ጥሩ ከሆነ ይግባ ብለሃል። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?

ቡልጋዬ፦
እህቴ፣ እኔም የሄድኩ ልጅ ነኝ። ምን ብዬ ልመልስልሽ። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ግን እንዴት አድርገን ነው መደርደሪያ ላይ የምናስቀምጠው?

የደብረ ሲናው፦
በወረቀት ተጽፎ ነዋ።

አኮፋዳ፦
ሲጻፍ ዜማው ይቀራል። አልቅሳ እኮ ነው ያለችው። በድምፅ ቅረጹትና ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ በክር አንጠልጥሉት። ፍላሹን እኔ እሰጣለሁ፤ ሱቄ ሞልቷል።

ነርሷ፦
ዜማውን አውቀዋለሁ። ሰው እያየኝ ግን አልችልም።

አኮፋዳ፦
በአዳር ተራሽ በስልክሽ ቅረጪዋ። ከስምንት እስከ አሥር።

ነርሷ፦
በሽተኞቹ ሞት የመጣ ይመስላቸዋል!

አዘጋጁ፦
ሳቃችሁ ሲያልቅ ስሙኝ። አቋሜን ግማሽ በግማሽ ቀይሬያለሁ። ግማሹን ብቻ ነው።

የሄዱት ይቆዩ። ከላይኛው ረድፍ ይቀመጡ፤ በወንበር ካልሆነ አይደረስበትም፣ ግን ይታያል። ከዓይን እኩል ያለው ረድፍ እዚህ ላሉት ይሁን። የመምህሩ መጽሐፍ፣ ከነተሰፋው ገጹ። የነርሷ ቅጾች በክላሰር ይግቡ፤ የበሽተኛ ስም ካለበት ግን ፊቱን ለጥፊበት እህቴ። ፍላሹም ይንጠልጠል።

«ጥሩ ከሆነ ይግባ» በሚለው አሁንም አልስማማም። መጀመሪያ ገብቶ ይነበብ፤ ሳይነበብ ጥሩ መሆኑን ማን ያውቃል? ቡልጋዬ ያነሣው አንድ ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ አልለቀቀኝም። አጠገብህ ተቀምጦ «ይሄ ምዕራፍ አልሠራም» የሚልህ ሰው። ማተሚያ ቤት ደብረ ብርሃን ማምጣት አቅማችን አይደለም። ይሄን የሚል ሰው ግን ብር አይጠይቅም። 130 ኪሎ ሜትር ሄደን ስንፈልገው የኖርነው ነገር ቅዳሜ ካፌው ውስጥ ቢገኝስ? ቡልጋዬ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ናልን። የመምህሩን መጽሐፍ አንብበህ የመሰለህን ፊት ለፊት ንገረው። እሱም ያንተን «ገና ነው» የሚባለውን ያነባል።

ቡልጋዬ፦
ያ አልነበረም የኔ ሐሳብ። እሺ። የኔን ግን ምዕራፍ አንድን ብቻ ነው የማሳየው።

የደብረ ሲናው፦
ዳኛቸው ላይኛው ረድፍ ከወጣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ነው የምውለው። ከዓይን እኩል ይሁን ብያለሁ። አርማንያን ማን ጻፈልን?

አዘጋጁ፦
እሱን ቅዳሜ እንጣላበታለን።

መምህሩ፦
መጽሐፉ እንዴት ይድረሳችሁ? ካርቶኑ ከባድ ነው።

ሾፌሩ፦
ሐሙስ ጠዋት ከመሐል ሜዳ እወጣለሁ። በገመድ ጥሩ አድርገህ እሰረውና መናኸሪያው በር ላይ ጠብቀኝ። ሂሳብ የለውም፣ አንድ ቅጂ ለእኔ ነው። በእጅህ የገለበጥከውን ስጠኝ።