የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሥራው ከየት ይጀምራል፣ የት ያበቃል? (ሐዋሳ)

መምህርት ከታቦር

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪና በሙያዬ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከአራት ወራት በፊት በቀበሌያችን ምክር ቤት በጎደለ ወንበር ተተክቼ አባል ሆኛለሁ። ቃለ መሐላ በፈጸምኩበት ዕለት የተነገረኝ ምክር ቤቱ የአስፈጻሚውን ሥራ እንደሚከታተልና እንደሚቆጣጠር ነበር። በማግስቱ ማለዳ ደጄን ያንኳኳችው ጎረቤቴ የፈለገችው ግን ክትትልም ቁጥጥርም ሳይሆን፣ ለልጇ የልደት ምዝገባ አብሬያት ቀበሌ ድረስ እንድሄድላት ነበር። ከዚያ ወዲህ መታወቂያ የዘገየበት፣ በአጥር ከወንድሙ ጋር የተጣላ፣ የመንገድ መብራት የጠፋበት፣ የጤና መድን መዋጮ መክፈል ያቃተው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። "ይህ የእኔ ሥራ አይደለም" ስል "ታዲያ ለምን ተመረጥሽ?" እባላለሁ፤ እሺ ብዬ ስከተላቸው ደግሞ የቀበሌው ሠራተኞች እንደ ጉዳይ አስፈጻሚ ያዩኝ ጀምረዋል። በዚህ ኃላፊነት ያለፋችሁ ሰዎች ጊዜያችሁን በምን ላይ ታውሉ እንደነበር ብትነግሩኝ በእጅጉ ይጠቅመኛል።

የቀድሞ ተመራጭ፣ ሐይቅ ዳር

እህቴ፣ እኔ የተመረጥኩት በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ነው። በ2010 ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በመራዘሙ ለአምስት ዓመት ያሰብኩት አገልግሎት ከዚያ በላይ ሄደ፤ ስለዚህ ለመሳሳትም ለመማርም በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ማኅተሙ በእኛ እጅ አለመሆኑ ነው። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ተቀጥሮ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ደንብ ተከትሎ ይፈርማል፤ እኛ ልናስፈርመው አንችልም፣ ለምን እንዳልፈረመ ግን የመጠየቅ መብት አለን። ይህችን ልዩነት እስክረዳ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ስለማመጥ ከረምኩ።

የገባኝ በአንድ ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ) ምክንያት ነው። እንደሚያውቁት ከተማችን ሜዳ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ውኃው በቀላሉ አይወርድም። ከመንደራችን ጀርባ ያለው ዲች በአሸዋ፣ በፌስታልና በሃይላንድ ፕላስቲክ ተደፍኖ በየክረምቱ ጎርፉ ወደ ሦስት ቤቶች ይገባ ነበር። አንዲት እናት አልጋቸውን በብሎኬት ከፍ አድርገው ያድሩ እንደነበር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በየስብሰባው እጄን አውጥቼ እናገራለሁ፣ "ይስተካከላል" ይባላል፣ በቃለ ጉባኤው ላይ "አስተያየት ተሰጥቷል" ተብሎ ይሰፍራል፤ እዚያው ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት ፎቶግራፍና የነዋሪዎችን ፊርማ አያይዤ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መዝገብ ቤት አስገብቼም በግልባጩ ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጻፍኩበት። ቁጥሩን ይዤ መመላለስ ስጀምር ነው ዲቹ አስፋልቱን ተከትሎ የሚሄድ በመሆኑ ጉዳዩ ቀበሌውን ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱን እንደሚመለከት የተነገረኝ። ሦስት ዓመት የማይመለከተውን ሰው ስወቅስ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ሌላው ስሕተቴ የጊዜ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጎርፉም የሚበረታው በዚያው ሰሞን ነው። ነዋሪው ውኃ ቤቱ ሲገባ ይጮኻል፣ እኛም ጩኸቱን ተቀብለን እናስተጋባለን፤ በዚያን ጊዜ ግን የዓመቱ ዕቅድ ተዘግቶ ገንዘቡ ተደልድሏል። ስለ ጎርፍ መጻፍ ያለበት መሬቱ ደርቆ ማንም ስለ ዝናብ በማያስብበት በጥርና በየካቲት ነው። እኛም በዚያ ወቅት ጽፈን በቀጣዩ ዓመት ዲቹ ተጠረገ፤ ከፊሉም ክዳን ተሠራለት። (በነገራችን ላይ፣ ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውምና በዲቹ የላክነው ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህንን ለሕፃናቱ መንገርም ከሥራዬ እንደ አንዱ እቆጥረው ነበር።)

ስለ ዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን ምክሬ አንድ ደብተር እንዲይዙ ነው። ቀን፣ የባለጉዳዩ ስም፣ ጉዳዩ፣ የተመራበት ቦታ፣ የተገኘው መልስ ብለው በአምስት ዓምድ ያስምሩት። ወደ ምክር ቤት ስብሰባ ሲሄዱ አምስተኛው ዓምዳቸው ባዶ የሆኑትን ብቻ ያንብቡ። ሰውም ለጉዳዩ "አይሆንም" የሚል መልስ እንኳ ቢያገኝ፣ መልሱን ደጁ ድረስ ሄደው ከነገሩት "ለምን ተመረጥሽ?" አይልዎትም። ቢልም ደግሞ አይቀየሙ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት ሕዝብ እምነት ሲያጣ የመረጠውን የማንሳት መብት አለውና።

አገልግሎት ሰጪ ሠራተኛ

በሌላ ቀበሌ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ እሠራለሁ። አባላት ከባለጉዳይ ጋር አብረው ቢመጡም ባይመጡም ወረፋው ያው መሆን አለበት። የሚያስቸግረን በቁራጭ ወረቀት ላይ "ይህችን ሴት ተባበሯት" ብሎ መላክ ነው፤ ማስረጃዋ ካልተሟላ ልንተባበራት አንችልም፣ ከተሟላ ደግሞ ወረቀቱ አያስፈልጋትም።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለባቸው ብዙ ሰው አያውቅም። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ነው ወላጅ እየሮጠ የሚመጣው። መምህርት ጎረቤታቸውን አጅበው አንድ ረፋድ ከሚያጠፉ ይህንኑ በዕድር ስብሰባ ላይ ለአምስት ደቂቃ ቢያስረዱ ከብዙ ሰው ምልልስ ያድናሉ።

የዕድር ጸሐፊ

ከላይ በተሰጠው አስተያየት በከፊል አልስማማም። ማንበብ ለማይችል ወይም ቢሮ ገብቶ መናገር ለሚፈራ ሰው አብሮ መሄድ ውለታ ሳይሆን ተገቢ ነገር ነው። ለሚችለው ግን መንገዱን ማሳየት ይበቃል።

ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ደሀ ከደሀ መለየት ነው። የከተማ ሴፍቲኔት (ለችግረኛ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም) መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች ሐዋሳ አንዷ ስለነበረች፣ በልየታው ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። አንዲት እናት "ልጇ ዓረብ አገር አለች" ተብሎ ከዝርዝሩ ወጡ፤ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ልጅቷ ግን ገንዘብ መላክ ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗት እንደነበር የሰማሁት ከወራት በኋላ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነው። ስለዚህ መምህርት፣ በእንደዚህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ ከገቡ ዝርዝሩ በይፋ እንዲለጠፍና ቅሬታ የሚሰማበት ቀን እንዲቆረጥ አጥብቀው ይጠይቁ።

የአጥሩን ጠብ ግን ለሽማግሌዎች ይተዉት። የሲዳማ አባቶች "አፊኒ" ብለው ሁሉም ወገን እስኪሰማ የሚቀመጡበት ሥርዓት እያለ፣ ተመራጭ ጣልቃ ገብቶ ለአንዱ ወንድም ሲያደላ መታየቱ አይጠቅምም።

መምህርት ከታቦር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ደብተሩን ትናንት አስምሬዋለሁ። ካለፉት አራት ወራት ያስታወስኳቸውን አሥራ ዘጠኝ ጉዳዮች ጻፍኩና አምስተኛው ዓምድ የተሞላው ለስድስቱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ሥራ የበዛብኝ መስሎኝ የነበረው ለካ መልስ የበዛበት አልነበረም። የመንገድ መብራቱን ጉዳይ ሰኞ በጽሑፍ አስገባለሁ። ደብዳቤውን በራሴ ስም ልጽፍ እችላለሁ ወይስ አፈ ጉባኤው መፈረም አለባቸው?

የቀድሞ ተመራጭ፣ ሐይቅ ዳር

በራስዎ ስም ይጻፉና ለአፈ ጉባኤው ግልባጭ ያድርጉ። የጠፉትን ምሰሶዎች ብዛትና ያሉበትን ቦታ ይጥቀሱ፤ "መብራት የለም" ብቻ ከተባለ ጥገና የሚመጣው ሰው ቀን ላይ መጥቶ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይመለሳል።