ልቦለድ፦ የ17 ዓመት ልጅ በፖ-2፣ በአንድ ሌሊት 18 በረራ። ያስኬዳል?

የቀለም ጠብታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ታሪካዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። መቼቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከአዛዧ እስከ ቦምብ ጫኟ ሴቶች ብቻ የነበሩበት የሶቭየቱ 588ኛ የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ 17 ዓመቷ ነው፤ የፖ-2 (ባለ ድርብ ክንፍ ቀላል አውሮፕላን) አብራሪ ናት። ሦስተኛው ምዕራፍ ባጭሩ፦ ሰኔ 1942 እ.ኤ.አ.፣ ሙሉ ጨረቃ። በአንድ ሌሊት 18 ጊዜ ትበራለች። በ18ኛው ትመታለች፣ አዛዧን በሬዲዮ ትሰናበትና በፓራሹት ትዘላለች። ያነበቡት ሁሉ «ልብ ይሰቅላል» አሉኝ። እኔ የምፈልገው ግን የቱ ጋ እንደሚፈርስ ነው፤ ሳትሳሱ ንገሩኝ። ደግሞ ቀንና ሰዓቱን በኛ ላድርገው በፈረንጅ?

ሽቦና ጣውላ፦
ከመጨረሻው ልጀምር። ሬዲዮውንም ፓራሹቱንም ሰርዢ። ሬጅመንቱ እስከ 1944 አጋማሽ ድረስ ያለ ፓራሹት ነው የበረረው፤ ክብደቱ ለቦምብ ይሻላል ተብሎ። ሬዲዮም አልነበረም። አብራሪዋ ከፊት፣ ናቪጌተሯ (አቅጣጫ መሪዋ) ከኋላ፣ ሁለቱም ክፍት ወንበር ላይ ናቸው፤ የሚነጋገሩት በጎማ ቱቦ ነው። ከመሬት ጋር ግን ምንም መገናኛ የለም። ያልተመለሰ አውሮፕላን ዜናው ዝምታ ነው፤ ሜዳው ላይ ያሉት ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። ለልቦለድ ከሬዲዮ ስንብት ይኼ ይበልጥብኛል።

ታዲያ ስትመታ ምን ታደርግ? አውሮፕላኑ እንጨትና ጨርቅ ነው። ጨርቁ እንዲወጠር የሚቀባው ላክ ራሱ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት ከያዘው ደቂቃዎች ናቸው ያሏት። ቤንዚኑን ትዘጋለች፣ ሞተሩን ታጠፋለች፣ ከዚያ አውሮፕላኑን ወደ ጎን አጋድላ እያንሸራተተች ትወርዳለች፤ ነፋሱ ነበልባሉን ከመቀመጫዋ እንዲያርቅላት። አብራሪዋ ከቆሰለች ደግሞ ኋለኛው ወንበርም መሪ አለው። ናቪጌተሯ ይዛ ማሳረፍ ትችላለች። ትዕይንትሽ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ዝላዩ ላይ አይደለም።

18ቱ በረራ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ወሩ ነው ስህተቱ። በሰኔ 1942 ሬጅመንቱ ዶንባስ አካባቢ ገና ሥራ መጀመሩ ነበር። እዚያ ኬክሮስ ላይ በሰኔ ፀሐይ ከጠለቀች እስክትወጣ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጭላንጭሉን ስትቀንሺ ድፍን ጨለማው ከዚያም ያንሳል። አንድ በረራ ከነመጫኑ 45 ደቂቃ ብትይው 18ቱ 13 ሰዓት ተኩል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወይ ታኅሣሥ አድርጊው፣ ግንባሩንም አቅርቢው፣ ወይ በሰኔ አምስት ስድስት በረራ ይብቃሽ። ለጀማሪ ደግሞ አምስትም ብዙ ነው።

ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ደራሲ የሚስተው እሱን ነው። ኤም-11 ይባላል፤ አምስት ሲሊንደር፣ 100 የፈረስ ጉልበት፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ከኢላማው በፊት አብራሪዋ ጋዙን ትቀንስና ከ1,000 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ በዝምታ እየተንሸራተተች ትወርዳለች። መሬት ላይ ያለው ጀርመናዊ የሚሰማው በክንፎቹ መሃል በተወጠሩት ሽቦዎች የሚያፏጨውን ነፋስ ብቻ ነው። «የሌሊት ጠንቋዮች» የሚለው የጀርመኖች ስም የሚያያዘውም ከዚሁ ፉጨት ጋር ነው። ግን በውርጭ ጋዙ ሲቀነስ ሲሊንደሮቹ ቶሎ ይበርዳሉ። ቦምቡን ጥላ ጋዙን ባንዴ ብትከፍተው ሞተሩ ያስላል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ልምድ ያላት አብራሪ በመሃል ለአፍታ ጋዝ ሰጠት እያደረገች ታሞቀዋለች፣ ያቺ አፍታ ደግሞ ድምፅ ናት። ልጅሽ ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ አድርጊያት።

ካርታ አንባቢ፦
ናቪጌተሯ ልቦለድሽ ውስጥ ጓዝ ሆና ነው የቀረችው። እጇ ላይ ሰዓት፣ ካርታና ባትሪ አለ፤ ፊቷ ኮምፓስ። ሥራዋ ሒሳብ ነው። ፖ-2 ቦምብ ጭኖ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 10 ኪሎ ሜትር ማለት 6 ደቂቃ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ግን ያው መንገድ 10 ደቂቃ ይሆናል። ነፋሱን ያላሰበች ናቪጌተር በሰዓቷ ብቻ ተማምና ቦምቡን ባዶ ሜዳ ላይ ትጥላለች።

አጣጣሉም እንደዚሁ ነው። ከ600 ሜትር የተለቀቀ ቦምብ መሬት እስኪደርስ 11 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ፊት 300 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ከኢላማው አናት ላይ ሳይሆን ቀደም ብላ ነው የምትለቀው። ዝቅ ብላ ብትጥል የራሷ ቦምብ ፍንጣሪ ጨርቁን ይበሳዋል፣ ከፍ ብላ ብትጥል ትስታለች። ኢላማው ካልታየ የብርሃን ቦምብ ከወንበሯ በእጇ ትወረውራለች፤ እሱ ብቻ ነው በትንሽ ፓራሹት የሚወርደው።

ጨረቃዋን በተመለከተ፦ ቀን ከጠቀስሽ የዚያን ቀን የጨረቃ ዕድሜ አስሊ፤ አንባቢ ያሰላዋል። ለምሳሌ ከሐምሌ 31 ለነሐሴ 1 ቀን 1943 በነበረው ሌሊት ደቡብ ሩሲያ ውስጥ፣ ኩባን በሚባለው አካባቢ አራት አውሮፕላኖች፣ ከነስምንት ሴቶቻቸው፣ በጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን ወደቁ። ያን ሌሊት ጨረቃ አልነበረችም፤ ነሐሴ 1 አዲስ ጨረቃ ነበር። ጓደኞቻቸው ያዩት ምልክት ባውዛው ነው፦ ባውዛው አውሮፕላኑን ይይዘዋል፣ ፀረ አውሮፕላኑ ግን አይተኩስም። መድፉ ዝም ያለው የራሳቸው ተዋጊ አየር ላይ ስላለ ነው። ልምድ የሌለው ሰው «ዛሬስ አልተኮሱብንም» ብሎ ደስ ይለዋል።

ከባውዛ ማምለጫው ዘዴም አለ። ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። አንዷ ሞተሯን እያሰማች ባውዛውን ወደ ራሷ ትስባለች፣ ሁለተኛዋ በዝምታ ገብታ ትጥላለች፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ብርሃኑ ውስጥ የገባችው ዓይኗን ወደ ውጭ ካነሳች ትታወራለች፤ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ መሣሪያዎቹን ብቻ ማየት አለባት።

አርታኢው፦
ዕድሜዋ አያስኬድም። ዝነኛዋ የሶቭየት በራሪ ማሪና ራስኮቫ በ1941 መገባደጃ ኤንግልስ ከተማ ላይ ሦስቱን ሬጅመንቶች ስታደራጅ ለአብራሪነት የወሰደቻቸው በኤሮክለብ (የበረራ ማሠልጠኛ ክለብ) ቀድመው የበረሩትን ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ብዙዎቹ ናቪጌተር ሆኑ፤ የሥነ ፈለክ ተማሪዋ ዬቭጌንያ ሩድኔቫ አንዷ ናት። የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ ቦታዋ ቦምብ ጫኝነት ነው። ግን በር አልተዘጋም። ሬጅመንቱ በጦርነቱ መሃል የራሱን ሰዎች ያሠለጥን ስለነበር ከቦምብ ጫኝነት ወደ ናቪጌተርነት፣ ከናቪጌተርነት ወደ አብራሪነት የተሻገሩ አሉ። ናታልያ ሜክሊን በናቪጌተርነት ጀምራ አብራሪ ሆናለች። ለወጣት አንባቢ ከዚህ የተሻለ መሰላል አታገኚም።

አሁን ወደ አማርኛው። ቀኑን በፈረንጅ አድርጊው፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ እ.ኤ.አ. ብለሽ። በኛ ካደረግሽው ጀርመን ሶቭየትን የወረረው ሰኔ 15 ቀን 1933 ይሆናል፤ የኛ አንባቢ 1933ን ሲያይ የሚያስበው ሚያዝያ 27ን ነው። ሰዓቱን ግን በኛ ጻፊው፣ «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት»። በትእዛዝ ወረቀት ላይ 00፡00 ካልሽ ሌላ ቦታ አትቀላቅይ። የካርታ አንባቢን ሌሊት «ለእሑድ አጥቢያ» ብትይው በሁለት ቃል ያልቅልሻል።

«ክረምት» የምትለዋን ቃል ከረቂቁ አውጪ። ያንቺ ክረምት በረዶ ነው፣ የአንባቢሽ ክረምት ዝናብና ጭቃ። «የበረዶው ወራት» በይ፤ «በጋ»ም እንዲሁ ያሳስታል። ማዕረግ ላይ ሻምበልና ሻለቃ በቂ ናቸው። አዛዧ ዬቭዶኪያ ቤርሻንስካያ ስትጠራ «ጓድ ሻለቃ» እና «እርስዎ» ይሁን፣ ልጆቹ እርስ በርስ «አንቺ»። «ጓድ» በኛ ጆሮ የደርግ ዘመን ይሸታል፤ ይሽተት፣ ቃሉ እሱ ነው። ብቻ በየመስመሩ አትርጪው።

የቀለም ጠብታ፦
አመሰግናለሁ፣ ምዕራፉ ፈርሷል፣ ደስ ብሎኛል። ቦምብ ጫኝ አደርጋታለሁ፣ ወሩም ታኅሣሥ። አውሮፕላኑ አርፎ እስኪነሳ ባለው ጊዜ በትክክል ምን ትሠራለች?

ሽቦና ጣውላ፦
ጥሩ የሠለጠነ ቡድን በ5 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ማረፊያው ሜዳ ነው፤ መብራቱ የኬሮሲን ፋኖስ፣ ከማረፊያው አቅጣጫ ብቻ እንዲታይ የተከለለ። አውሮፕላኑ ሲቆም አብራሪዋ ከወንበሯ አትወርድም። አንዷ ክንፉን ይዛ ወደ ቦታው ትመራዋለች፣ አንዷ ቤንዚን ትሞላለች፣ ሌሎቹ ቦምቡን በእጃቸው አንስተው ከታችኛው ክንፍ ሥር ይሰቅሉታል። ቁጥሩ ክብደቱ ነው፦ ፋብ-50 ሃምሳ ኪሎ፣ ፋብ-100 መቶ ኪሎ። ማንሻ መሣሪያ የለም፤ ጭቃ ወይም በረዶ ላይ ተንበርክከው፣ በትከሻ ነው። ከዚያ ፊውዙ (የቦምቡ ማፈንጃ) በጨለማ በመዳሰስ ይጠበቃል። በጓንት ጥርሱ አይሰማም፣ ስለዚህ ጓንት ይወልቃል፤ በውርጭ ብረት ላይ ቆዳ ይጣበቃል። በመጨረሻ መካኒኳ ፕሮፔለሩን በእጇ ታዞርና ዘወር ትላለች።

ቀድሞ እያንዳንዷ ቡድን የራሷን አውሮፕላን ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ሁለት ሦስት አከታትለው ሲያርፉ አንዱ ቆሞ ያድራል። በኋላ ሥራውን ከፋፈሉት፦ ቤንዚን የሚሞላ፣ ቦምብ የሚጭን፣ ተረኛ የሚቀበል፣ የመጣ አውሮፕላን ሁሉ የሁሉም። የሠራዊቱ ደንብ ይህን አይፈቅድም ነበር፤ ቤርሻንስካያ ግን ፈቀደች። ጠብ ከፈለግሽ «የኔን አውሮፕላን ሌላ ሰው አይነካውም» የምትል አንዲት መካኒክ ትበቃሻለች።

ካርታ አንባቢ፦
ለአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ፦ ሁለት ቦምብ ጫኞች የብርሃን ቦምብ ፈተው ከፓራሹቱ ሐር የውስጥ ልብስ ሰፍተው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ተፈረደባቸው፣ ግን ከሬጅመንቱ ሳይወጡ እዚያው እንዲያገለግሉ ተደረገ። የተሰጣቸው ልብስ የወንድ ነበር፣ ቡትሶቹ ሳይቀሩ፤ ጫፉ ላይ ወረቀት ይጠቀጥቁ ነበር። ልጅሽ መርፌውን ከየት እንዳገኘች ብቻ አስቢበት።