የሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት ያመለጣት ልጅ እንደገና መጀመር አለባት?

ጥያቄ
ሴት ልጄ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሯ ወስዳለች። ለሁለተኛው በ15 ወሯ ይዣት ስሄድ ጉንፋን ይዟት ስለነበር «ሲሻላት አምጪያት» ተባልኩ፤ በሌላ ቀን ስመለስ ደግሞ የመጡት ልጆች ጥቂት ስለሆኑ ብልቃጡ እንደማይከፈት ተነገረኝ። አሁን 20 ወር ሆኗታል፤ ካርዷ ላይ ያለችውን ያችን ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ሐሳብ ይይዘኛል። ጊዜው አልፎባታል ማለት ነው? ከመጀመሪያው መጀመር ይኖርብናል?

መልስ 1፦ በክትባት ክፍል የሚሠራ ነርስ
እህቴ፣ አላለፈባትም፤ እንደገና መጀመርም አያስፈልግም። የወሰደችው ይቆጠርላታል፤ ካርዷን ይዘው ሄደው የቀረውን ያስከትቧት። ቀላል ጉንፋንም ሆነ መጠነኛ ትኩሳት ክትባት አያስከለክልም።

የብልቃጡን ጉዳይ ከውስጥ ስለማውቀው ትንሽ ላብራራ። የኩፍኝ ክትባት በደረቅ ዱቄት መልክ ይመጣል፤ በብዙ ቦታ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጆች የሚሆን ነው። በማሟሟያው ከተበጠበጠ በኋላ ባክቴሪያ ሊራባበት ስለሚችል፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ወይም የዕለቱ ክትባት ሲያበቃ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ የተረፈው መደፋት አለበት። ስለዚህ ባለሙያው አንዲት እናት ልጅ አቅፋ ስትገባ የሚታየው የሚደፋው 9 መጠንና በወሩ ሪፖርት ላይ የሚሞላው የብክነት ቁጥር ነው። እኔም በዚህ ስሌት እናቶችን መልሼ አውቃለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ከተመለሱት መካከል ዳግመኛ ያላየኋቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣም ብልቃጡ ይከፈት።

መልስ 2፦ የሁለት ልጆች አባት
መልሱን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ክትባቱ ራሱ እጥረት ሲኖር በየቀኑ 9 መጠን እየደፉ መቀጠል ይቻላል? የኩፍኝ ቀን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተወስኖ እናቶች አስቀድመው ቢያውቁት አይሻልም?

መልስ 3፦ በክትባት ክፍል የሚሠራ ነርስ
ቀን መወሰኑ ጥሩ አሠራር ነው፤ እኛም እንደዚያ እናደርጋለን። ችግሩ የሚመጣው በተወሰነው ቀን እንኳ ልጆቹ አነሱ ተብሎ እናቶች ሲመለሱ ነው። በ9 ወር ከሚከተቡ 100 ልጆች 15 ያህሉ ከእናታቸው በወረሱት መከላከያና በዕድሜያቸው ማነስ የተነሣ ከመጀመሪያው ክትባት በቂ መከላከያ አያዳብሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ደግሞ በዓይን አይለይም። ሁለተኛው ዙር የተጨመረው በዋናነት ለእነርሱ ነው። ኩፍኝ በጣም ተላላፊ በመሆኑ ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ልጆች 95 ያህሉ ሁለቱንም ዙር መውሰድ አለባቸው። የተደፋ ክትባት በሚቀጥለው ጊዜ ክትባት ሲጠየቅ ይተካል፤ ሳትከተብ የተመለሰች ልጅ ግን በዚያ ወር ኩፍኝ ቢገባ ያለ መከላከያ ልትገኝ ትችላለች።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ፤ ልጇ እንደ እኔው የተመለሰባትን ጎረቤቴንም ይዣት እሄዳለሁ። «ልጆቹ ጥቂት ናቸው» ከተባልን የክፍሉን ኃላፊ ጠርተን እናነጋግራለን።