የናቫሆ ፍራይ ብሬድ ቤት ውስጥ ለመስራት እርሾ ነው ወይስ ቤኪንግ ፓውደር?

አዲስ ገቢ
ሰላም ለሁላችሁም፣ እስኪ የናቫሆዎቹን (የአሜሪካ ቀደምት ተወላጆች ናቸው) ፍራይ ብሬድ፣ ያንን በዘይት የሚጠበሰውን ጠፍጣፋ ዳቦ፣ ቤቱ የሚሰራ ካለ ይርዳኝ። ያየሁት አሰራር ሁሉ ይለያያል፣ አንዱ እርሾ ይላል ሌላው ቤኪንግ ፓውደር ብቻ ይላል ደግሞ የዱቄት ወተት ጨምሩበት የሚልም አለ፣ የቱን ልያዝ? ከላይ ቀላ ብሎ የሚነፋ፣ ሲቆርሱት ውስጡ ለስላሳ የሆነውን ነው የምፈልገው። መሃሉንስ ለምንድነው የሚበሱት?

ምጣድ
እህቴ ቤኪንግ ፓውደር ይበቃሻል፣ በእርሾ የሚሰሩም አሉ የዱቄት ወተቱም እንደየቤቱ ነው። 3 ኩባያ ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለብ ያለ ውሃ ከ1 ኩባያ ትንሽ አለፍ አርገሽ፣ ግን በአንዴ አትገልብጪው ዱቄቱ የሚጠጣውን እያየሽ ነው። ዋናው ነገር ብዙ አትሺው! ሊጡ እንደተያያዘ እጅሽን አንሺ፣ ብዙ ከታሸ ግሉተኑ (ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴው ፕሮቲን) ይጠነክርና እንደ ላስቲክ እየተሳበ አልዘረጋ ይልሻል ሲጠበስም ይደርቃል። ጨርቅ አልብሰሽ ግማሽ ሰዓት ተይው፣ ከዛ እንቁላል የሚያክል እየቆረስሽ ዱቄት በነካ እጅሽ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያገላበጥሽ ዘርጊው። መዳመጫ ባትጠቀሚ ይሻላል፣ አየሩን ያስወጣዋል።

ዘይትና እሳት
እኔ ስለ ዘይቱ ልጨምር፣ ሰው ሁሉ ሊጡ ላይ ይጨነቃል እንጂ ግማሹ ስራ እዚህ ነው። 180 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን፣ ቴርሞሜትር ከሌለሽ ጥፍር የምታክል ሊጥ ጣል አርጊበት፣ ወዲያው እየተንጨረጨረች ወደ ላይ ከመጣች ደርሷል፣ ታች ከተቀመጠች ገና ነው። ያልጋለ ዘይት ውስጥ ከገባ ዘይቱን ይጠጣዋል፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ውጪው ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ ይቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጪው። መሃሉን የሚበሱት ወፍራሙ ቦታ ከዳሩ እኩል እንዲበስል ነው።

የመንገድ ሰው
አሰራሩን ስትማሩ የመጣበትንም እወቁልኝ። ናቫሆዎች፣ ራሳቸውን ዲኔ ነው የሚሉት፣ ዋና እህላቸው በቆሎ ነበር። የአሜሪካ ጦር ማሳቸውን አቃጥሎ የኮክ ዛፋቸውን ቆርጦ በ1864 እ.ኤ.አ. በእግር እየነዳ ኒው ሜክሲኮ ቦስኬ ሬዶንዶ የሚባል ቦታ አሰፈራቸው፣ እዛ የዘሩት በቆሎ አልያዘላቸውም፣ በራሽን የሚሰጣቸው ነጭ ዱቄት፣ የአሳማ ስብ፣ ጨው፣ ስኳር ነበር። በ1868 ውል ተፈርሞ እስኪመለሱ በዛ ነው የኖሩት፣ ዳቦውም ከዛ ራሽን የወጣ ነው ይባላል። ዛሬ የስኳር በሽታ ያስመረራቸው የአገሬው ተወላጆች ባህላችን አትበሉት ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ እናቶቻችን ልጅ ያተረፉበት ነው ብለው ይኮሩበታል። እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ፣ ለዚህ ነው ለዓውደ ዓመት እንጂ ለየቀኑ ባይሆን የምለው። የአሜሪካዋ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋዊ ዳቦዋ አድርጋዋለች።

አዲስ ገቢ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ታሪኩን ጭራሽ አላውቅም ነበር። በምንድነው የሚበላው?

ምጣድ
በማር ወይ በደቃቅ ስኳር፣ ካልሆነ ባቄላ፣ የተፈጨ ስጋ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቺዝ ከላይ ይደረግና ናቫሆ ታኮ ይባላል። አሜሪካ ካለሽ ብሉ በርድ የሚባለውን ዱቄት ፈልጊ፣ ኮርቴዝ ኮሎራዶ ነው የሚፈጨው በጨርቅ ከረጢት ይሸጣል፣ ብዙ የናቫሆ እናቶች እሱን ነው የሚመርጡት። እና ትኩሱን ብዪው፣ ካደረ ይጠነክራል።