የሰሞኑ ብርድ፦ ማታ ከሰል ቤት ማስገባት ላይ ከእናቴ ጋ ተጨቃጨቅን፣ ማናችን ነን ልክ?

የግንፍሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በናታችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። የምንኖረው አራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወንዝ ወረድ ብሎ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው፣ አንድ ክፍል፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ፍራሻችን መሬት ላይ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ አለው ግን አንዱ ጥግ ተቀዷል። እስካለፈው ሳምንት ደህና ነበርን፣ ከእሁድ ወዲህ ግን ምን እንደመጣብን እንጃ ሌሊቱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ሆነ፣ ቀን ደሞ ጃኬት ለብሰሽ ወጥተሽ 7 ሰዓት ላይ ጃኬቱን ተሸክመሽ ነው የምትመለሺው። ልጄ 7 ወሯ ነው፣ አፍንጫዋ ተደፍኖ ስትነጫነጭ ነው የምታድረው። እናቴ ልትጠይቀን ከጎጃም መጥታ እኛ ጋ ናት፣ «ከሰሉን ውጪ አቀጣጥለሽ ጭሱ ሲያልቅ ፍሙን አስገቢው፣ ውሃ በሳህን አጠገቡ አስቀምጪ፣ እናንተንም ያሳደግናችሁ እሳት ዳር ነው» ትላለች። እኔ ፈራሁ። ሂተር እንዳልገዛ ቆጣሪው ከአከራይ ጋ የጋራ ነው፣ ምጣድ እንኳን የተፈቀደልን በሳምንት አንዴ ነው። መስኮቱንና የበሩን ስር በፌስታልና በፕላስተር ጠቅጥቄዋለሁ። ሌላ ምን ላርግ?

ሰንጋተራ፦
እህቴ እንዳታስገቢ!! እኔና ወንድሜ ተማሪ እያለን ልክ እናትሽ እንዳሉት ፍሙ ቀልቷል ጭስ የለውም ብለን ማንደጃውን በሩ ጥግ አስቀምጠን ተኛን። ሌሊት ሽንቴ ወጥሮኝ ልነሳ ስል እግሬ እምቢ አለኝ፣ ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ በእንብርክኬ ሄጄ በሩን ከፍቼ ደጅ ላይ አስመለስኩ፣ ወንድሜን ጎረቤት ነው ጎትቶ ያወጣው። ሽንቴ ባይመጣ ኖሮ ይሄን አልፅፍልሽም ነበር። የሚገለው ጭሱ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነው፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ ፍሙ ቀልቶ ጭስ አቆመ ስትይም እየወጣ ነው። ውሃም አይመጠውም። አንቺ ደሞ ቤቱን በፌስታል ጠቅጥቀሽዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ቶሎ በሩን ከፍቶ መውጣት ነው፣ ከዛ 939 ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

ከደብረ ብርሃን፦
😂😂 አዲስ አበቤዎች በዚች ብርድ እንዲህ ከሆናችሁ እኛ ጋ 2800 ሜትር ላይ ብትመጡ ምን ልትሆኑ ነው። ቀልዱን ልተወውና፣ አሁን ሰማዩ ጥርት ስላለ ነው እንዲህ የሆነው። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፣ ለዛ ነው ሐምሌ ላይ እየዘነበ እንኳን ሌሊቱ ከህዳርና ታህሳስ የሚሻለው። አሁን ፀሐይዋ እንደገባች መሬቱ የቀን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል የሚይዝለት የለም፣ በጣም የሚብሰው ሊነጋ ሲል 12 ሰዓት ገደማ ነው። ግንፍሌ ደሞ ወንዝ ዳር ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ከእንጦጦ እንደ ውሃ በወንዙ ወርዶ እናንተ ጋ ይተኛል። ህዳር 12 ጠዋት «ህዳር ሲታጠን» የቆሻሻው ጭስ ወደ ላይ አልወጣ ብሎ ሰፈሩ ላይ ሲንጣለል አይታችሁ የለ፣ በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ፣ ፍራሹ ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ከላይ አምስት ብርድ ልብስ ብትደራርቢ ከንቱ ነው፣ ብርዱ የሚገባው ከስር ነው። የፍሪጅ ወይ የቲቪ ካርቶን ፈልጊ (መርካቶ ሞልቷል፣ የሰፈር ሱቅም አይነፍግሽም)፣ ሁለት ሶስት ደርበሽ አንጥፊ፣ ከላዩ ሰሌን፣ ከዛ ፍራሹ። አንዱን ጋቢ አጥፈሽ ከበታችሽ አርጊው። ቡልኮ ካላችሁ ደሞ የማንንም ቻይና ብርድ ልብስ ያስንቃል። ቀን ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጪ፣ በሩን 4 ሰዓት ከፍተሽ ፀሐይ ይግባ፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ግን ዝጊው፣ ብዙ ሰው ፀሐይ ጠልቃ ብርድ ከገባ በኋላ ነው የሚዘጋው።

ሂተር ይሻላል፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ከምን፣ አከራዩን አናግሪና ትንሽ ጨምረሽ ሂተር ግዢ። 2000 ዋት ነው፣ ከምጣድ ያንሳል እኮ።

ሰንጋተራ፦
@ሂተር ይሻላል ያንሳል ግን ምጣድ አንድ ሰዓት ነው የምትጋግሪበት፣ ሂተር 8 ሰዓት ካደረ 16 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ አከራይዋ ቢል ሲመጣ ያባርሯታል። ሰርቪስ ቤት ሽቦው ቀጭን ነው፣ በዲቫይደር ሰክተሽ ስትተኚ ዲቫይደሩ ይቀልጣል፣ የእኛ ግቢ ውስጥ ሆኗል። ከተገዛም ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻ፣ ከመተኛት በፊት ግማሽ ሰዓት አሙቆ ማጥፋት።

ነርስ ነኝ፦
ስለ ህፃኗ ልበል። እጇና እግሯ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፣ ማጅራቷን ወይ ደረቷን ነክተሽ እዪ፣ ሞቅ ካለ ደህና ናት፣ ካላባት ደሞ አብዝተሽባታል። ከአንድ ወፍራም ልብስ ሶስት ስስ መደረብ ይሻላል። በጀርባዋ አስተኚያት፣ ጋቢ ፊቷ ላይ እንዳይወጣ። ለተደፈነው አፍንጫ ፋርማሲ የጨው ውሃ ጠብታ አለ፣ ከመጥባቷ በፊት አድርጊላት፣ ቪክስ ግን ከ2 ዓመት በታች አይቀባም። ተኝታ እያለች ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፣ 50 እና ከዛ በላይ ከሆነ ወይ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይ መጥባት እምቢ ካለች ነጋ አልነጋ ሳትዪ ጤና ጣቢያ። ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ (የፈላ አይደለም፣ ላስቲኩ ይኮማተራል) በጨርቅ ጠቅልለሽ ፍራሹን አሙቂበት፣ እሷ ስትገባ ግን አውጪው።

እናትሽን ደሞ አትጣያቸው። እሳቸው ያሳደጉበት ሳር ቤት ይተነፍሳል፣ ጭሱም ጋዙም በሳሩ በኩል ይወጣል። ያንቺ ቤት ሲሚንቶና ፌስታል ነው። እሳቱ ያው ነው፣ ቤቱ ነው የተለየው፣ እንደዛ ብለሽ ንገሪያቸው።

የግንፍሌዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ትናንት አነጠፍን፣ ለውጥ አለው ወላሂ፣ ወገቤ ራሱ አረፈ። ትንፋሿን ቆጠርኩ 38 ነው። እናቴን ስለ ሽንቱ ታሪክ ሳነብላት ስቃ ስቃ ከዛ ዝም አለች፣ «ሳር ቤት ይተነፍሳል» ያልሽው ነው የገባት መሰለኝ፣ አሁን ከሰሉ ደጅ ላይ ቡና ተፈልቶበት እዛው ይጠፋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ የኮርኒሷን ቀዳዳ ልድፈናት ወይስ ለአየር ትቆይ?

ከደብረ ብርሃን፦
ከሰል እስካልገባ ድረስ ድፈኛት፣ አይጥም ትገባበታለች።