ዋጋው የማይለወጥ ሬጅስተር በዲበገር ውስጥ እንዴት ይያዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሪስክ-ፋይቭ ለተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት በምንጽፈው ዲበገር (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ መሣሪያ) ውስጥ ምንጊዜም ዜሮ የሆነውን ኤክስ0 የተባለ ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የዋጋ መያዣ) እንደ ሌሎቹ 31 ሬጅስተሮች እናነበዋለን፤ የጥሪ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ስንከተል ግን ስታክ (የየጥሪው መረጃ የሚቀመጥበት የማህደረ ትውስታ ክፍል) ላይ የተቀመጠበት ቦታ ስለማይገኝ ዋጋው «አይታወቅም» ተብሎ ይታያል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ኤክስ0 በሃርድዌሩ ዜሮ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ የተቀመጠበትን ቦታ መፈለግ ከመነሻው ስህተት ነው። በየፍሬሙ (በየጥሪው የስታክ ድርሻ) የሬጅስተር ሕግ ላይ፣ ማለትም የሬጅስተሩ ዋጋ ከየት እንደሚገኝ በሚገልጸው ላይ፣ «ቋሚ ዋጋ» የሚል አንድ ዓይነት ጨምሩና በየፋይሉ ለኤክስ0 ብቻ የተበተኑትን ልዩ ቅድመ ሁኔታዎች ሰርዙ።

መልስ 2፦ እስማማለሁ። ተጠቃሚው ሊጽፍበት ሲሞክር ግን ዲበገሩ ዝም ብሎ ከመቀበል ይልቅ ግልጽ የስህተት መልእክት ይመልስ። አርም 64 ወደተባለው ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ስትሻገሩም እባካችሁ ተጠንቀቁ፤ እዚያ የሬጅስተር ቁጥር 31 እንደ ትእዛዙ ዓይነት ዜሮ ሬጅስተርም የስታክ ጠቋሚም (የስታኩን ጫፍ አድራሻ የሚይዝ) ይሆናል።